የራስ ቅልና በውስጡ ያለው፤ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ጨዋታና ስለ አንጎል መናወጥ

ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ያልጠበቃችሁትን አርእስት መረጥሁ። እርሱም በአሜሪካ አገር እጅግ በሚወደደው በፉትቦል ጨዋታ ምክንያት በተጫዋቾች አንጎል ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እኛ ፉትቦል ስንል የምናስበው በእግር የሚመታውን ድቡልቡል ኳስ ነው። የአሜሪካኖቹ ግን ሌላ ነው። ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ የእንቁላል መልክ ያለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በእጅ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል። የሚከላከለው ቡድን ደግሞ ኳሱን የያዘውን ሰው በሩጫ ደርሶ፣ ገፍቶ ወይም ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ይጥለዋል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ይህ ነው። በመካከል የሚሰለፉት ከባድ ከባድ ሰዎች፣ በታላላቆቹ ቡድኖች ዘንድ ብዙዎቹ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ፣ ኳሱ በተነሣ ቁጥር ግንባር ለግንባር ይጋጠማሉ። አንዱ ግጥሚያ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በአገራችን በገና ጨዋታ ላይ ዱላ ያረፈበት ጌታ እንኳ አይቆጣም እንደሚባለው፣ በዚያም አገር የተመታ ሰው ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ወደ ቦታው መመለሱ እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁበት ምክንያት ከቤታችን የመጣ ነው። አክስቴ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት ትኖራለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅዋ በትምህርት ቤቱ የፉትቦል ቡድን ውስጥ ተጫዋች ሲሆን፣ ባለፈው የጨዋታ ወቅት ራሱን ተመትቶ ሁለት ጊዜ ከሜዳ ወጥቷል። በመጀመሪያው ጊዜ ከቡድኑ ሰዎች አንዱ፣ በአገሩ አነጋገር «ደወሉ ተደውሎበት ነው» ብሎ በሳቅ አለፈው፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ መብራት እየጠላ፣ መጽሐፍ ማንበብ እያቃተው ከረመ። አሁን ለሚቀጥለው ወቅት የወላጅ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይፈለጋል። አክስቴ ለአባቴ ስልክ ደውላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ልፈርምለት ወይስ ልከልክለው? ብከለክለው ልጁ ያኮርፈኛል፤ ብፈርምለት እኔ እንቅልፍ አጣለሁ» አለችው። አባቴም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «አንተ ባዮሎጂ ትማር የለም እንዴ? እስቲ አንብበህ ለአክስትህ ቁም ነገር ንገራት» አለኝ። እኔም ክረምቱን በዚህ ነገር ስመራመር ቆየሁ።

አስቀድሞ አንጎል እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። የአንድ ሙሉ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በመድኃኒት ተነክሮ በጠርሙስ ውስጥ የሚታየው ጠንከር ያለ ይመስላል እንጂ፣ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል እንደ ረጋ እርጎ ለስላሳ ነው። በራስ ቅል ውስጥም ውሃ በሚመስል ፈሳሽ ተከቦ ይገኛል። አባቶቻችን ይህን አጥንት «የራስ ቅል» ብለው መሰየማቸው ያስደንቀኛል፤ ምክንያቱም ነገሩን ለማስረዳት ወተት ከሚናጥበት ቅል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እናቶቻችን ወተት ሲንጡ ቅሉ አይሰበርም፣ አይሰነጠቅም፤ በውስጡ ያለው ግን ወዲያና ወዲህ ሲላጋ ቆይቶ መልኩን ይለውጣል። በፉትቦል ሜዳ ላይም ሁለት ራሶች ሲጋጩ አጥንቱ ድንገት ይቆማል፤ አንጎሉ ግን ሲሄድበት በነበረው ፍጥነት ይቀጥልና ከቅሉ ጋር ይላተማል። ከሁሉ የሚከፋው ራስ በቀጥታ ሲመታ ሳይሆን፣ ከጎን ተመትቶ ሲሽከረከር ነው፤ ያን ጊዜ የአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል።

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ከክር እጅግ በቀጠኑ ረጃጅም ዘንጎች አማካይነት ነው። እነዚህ ዘንጎች ቀስ ብለው ቢሳቡ ይለጠጣሉ፤ በድንገት ቢሳቡ ግን ይጎዳሉ። በዚህ ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ መኖር የሚገባው ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ውጭ መኖር የሚገባው ካልሲየም ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ሕዋሱ ይህን ለማስተካከል ብዙ ስኳር ማቃጠል ይኖርበታል፤ ነገር ግን ስኳሩን የሚያመጣለት የደም ፍሰት በዚያው ሰዓት ይቀንሳል። ስለዚህ አንጎል ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት፣ ቀለቡ እያነሰው ሥራው እየበዛበት ይሰነብታል። ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ የሚሉት ይህንን ነው። በራጅም ሆነ በሌላ የተለመደ ፎቶግራፍ ቢታይ ብዙውን ጊዜ ምንም አይገኝም፤ ስንጥቅ የለ፣ ደም የለ። የተመታውም ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቅ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ሆኖም ከአሥሩ ዘጠኙ ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ጫጫታ መጥላት፣ የሰሙትን ወዲያው መርሳት፣ ያለ ምክንያት መበሳጨት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም እንቅልፍ ማብዛት፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሙሉ ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል ይድናል፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ግን እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል።

አንጎል በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ሁለተኛ ጊዜ ቢመታ የሚመጣው አደጋ ከመጀመሪያው ጋር የሚመዛዘን አይደለም። አልፎ አልፎ፣ በተለይም በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ አንጎሉ በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ በራስ ቅል ውስጥ መፈናፈኛ ያጣል። ይህ ነገር በ1984 በሕክምና መጽሔት ተገልጦ «የሁለተኛ ምት» ሕመም የሚል ስም ተሰጠው። በ2006 በዋሽንግተን ግዛት አንድ የ13 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ ጨዋታ ላይ ራሱን ተመታ፤ ጥቂት ዐርፎ ከእረፍት በኋላ እንደ ገና ተሰለፈ፤ ጨዋታው እንዳለቀም ወደቀ። ሐኪሞች አንጎሉ የሚያብጥበት ቦታ እንዲያገኝ የራስ ቅሉን አጥንት በሁለቱም በኩል አነሡለት። ሕይወቱ ተረፈ፤ መናገርና መራመድ ግን እንደ ሕፃን እንደ ገና መማር ነበረበት። በ2009 ያ ግዛት በልጁ ስም የተጠራውን የሊስቴድ ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚለው አጭር ነው፦ ወላጅና ልጅ ስለ አንጎል መናወጥ ተነግሯቸው ይፈርሙ፤ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያውኑ ከሜዳ ይውጣ፤ ፈቃድ ያለው ሐኪም በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስ። እስከ 2014 ድረስ 50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ይህን የመሰለ ሕግ አውጥተው ነበር። እንግዲህ ለአክስቴ የመጣላት ወረቀት የዚህ ልጅ ውድቀት ያስገኘው ወረቀት መሆኑ ነው። እርሷ ግን የግብር ደረሰኝ መስሏት ነበር።

አንባቢው «ታዲያ የራስ ቁር ያደርጉ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ያደርጋሉ፤ የራስ ቁሩ ታሪክ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ1905 በኮሌጆችና በትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ ቢያንስ 18 ወጣቶች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ኋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያሻሽሉ መከሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኳሱን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ ይህም ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተከማችቶ መረጋገጡን ቀነሰ። የራስ ቁር ማድረግ በኮሌጆች ዘንድ በ1939፣ በትልቁ ብሔራዊ ሊግ ዘንድ ደግሞ በ1943 ግዴታ ሆነ። በመጀመሪያ ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ ኋላ ግን በጠንካራ ፕላስቲክ ተተካ፤ የፊት መከላከያ ብረትም ተጨመረበት። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አሳዛኝም አስተማሪም ነው። ተጫዋቹ ራሱ እንደማይሰበር ባመነ ጊዜ ራሱን እንደ ጦር ይወረውር ጀመር። በ1968 በአንድ ዓመት ብቻ 36 ተጫዋቾች በሜዳ ላይ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። በ1976 በትምህርት ቤቶችና በኮሌጆች ራስን አስቀድሞ መግጨት በሕግ ተከለከለ፤ የራስ ቁሩም አሠራር በመለኪያ እንዲፈተን ተደረገ። በ1990 በዚህ ዐይነት የሞተ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት የራስ ቁር ቅሉን ይጠብቃል እንጂ ወተቱን አይጠብቅም ማለትን ነው። የአጥንት ስብራትን በእውነት ይከለክላል፤ የአንጎልን መላጋት ግን ሊከለክል አይችልም፤ አንጎሉ የሚላጋው ከራስ ቁሩ በታች፣ ከአጥንቱም በታች ነውና። በ2022 ትልቁ ሊግ በልምምድ ጊዜ ከራስ ቁሩ በላይ የሚደረብ ወፍራም የስፖንጅ ሽፋን ለአንዳንድ ተጫዋቾች አዘዘ፤ ከ2024 ጀምሮም በውድድር ላይ እንዲያደርጉት ፈቀደላቸው። መልኩ እንደ እንጉዳይ ስለሆነ ተጫዋቾቹ አይወዱትም ይባላል። ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ግን የቆዳውን የራስ ቁር በፕላስቲክ እንደ ተኩት ሰዎች መሆን ይመስለኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ወዲያው ስለሚታይ ጉዳት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣው ነው። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባሉ የኒው ጀርሲ ሐኪም ብዙ ዘመን በቦክስ የቆዩ ሰዎች እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱ፣ አእምሯቸውም እንደሚደክም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ይህ ሕመም የቦክሰኞች ሕመም ሆኖ ቀረ። የፉትቦል ተጫዋች የራስ ቁር ስላለው አይነካውም ተብሎ ይታሰብ ነበር።

በፒትስበርግ ከተማ ስቲለርስ የሚባል ስመ ጥሩ ቡድን አለ። ማይክ ዌብስተር የዚህ ቡድን የመካከል ተጫዋች ነበር፤ ኳሱን አንሥቶ ለጓደኛው የሚሰጠው፣ ወዲያውም ከፊቱ ከቆመው ሰው ጋር የሚጋጨው እርሱ ነው። ከ1974 እስከ 1990 ድረስ 17 ወቅት ተጫወተ፤ በአሜሪካ ትልቁ የሆነውን ዋንጫ ከቡድኑ ጋር አራት ጊዜ አሸነፈ። ጨዋታውን ከተወ በኋላ ግን አእምሮው ይታወክ ጀመር። ገንዘቡን አጠፋ፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ በጭነት መኪናው ውስጥ ማደር ጀመረ፤ እንቅልፍ ሲያጣ በኤሌክትሪክ መምቻ ራሱን እየመታ ይተኛ ነበር። በመስከረም 2002 በ50 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ።

የአስከሬኑን ምርመራ ያደረጉት ዶክተር ቤኔት ኦማሉ የሚባሉ የናይጄሪያ ተወላጅ ናቸው። በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ በ1968 ተወልደው፣ በአገራቸው ሕክምና ተምረው፣ በ1994 ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰው ናቸው። ስለ ፉትቦል የሚያውቁት እምብዛም አልነበረም፤ እንደ እኔ አስተያየት ይህ አለማወቃቸው ሳይጠቅማቸው አልቀረም፤ ዌብስተር በከተማው ዘንድ እንደ ንጉሥ የሚታይ ሰው መሆኑ ዐይናቸውን አልሸፈነውም። አንጎሉን ባወጡት ጊዜ በዐይን ሲታይ ደህና ይመስል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መዝገቡን ዘግቶ ይሄድ ነበር። እርሳቸው ግን ይህን ያህል የታወከ ሰው አንጎሉ ደህና ሊሆን አይገባም ብለው፣ በስሱ ተቈርጦ በቀለም እንዲነከር ከገዛ ኪሳቸው ከፈሉ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ታው የሚባል ፕሮቲን በየሕዋሱ ውስጥ ተቋጥሮ አገኙት።

ታው ማለት በደህና ጊዜ የሕዋሱን ዘንግ ውስጣዊ ድጋፍ ደግፎ የሚይዝ ነው፤ ለጎጆ እንደ ማገር ማለት ነው። ዘንጉ በተደጋጋሚ ሲጎዳ ታው ከቦታው ይላቀቅና እርስ በርሱ ይጠላለፋል። የተጠላለፈውም ሕዋሱን እያፈነ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። በዚህ ሕመም ውስጥ ቋጠሮዎቹ የሚጀምሩት በአንጎል እጥፋቶች ሥር፣ በትናንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ነው፤ ይህም በእርጅና ከሚመጣው የአልዛይመር ሕመም ይለየዋል። ሕመሙ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ስላለው ሐኪሞች በምሕጻረ ቃል ሲቲኢ ይሉታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ነገር ሰውየው በሕይወት ሳለ ሕመሙን በእርግጠኝነት ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው፤ የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው።

ዶክተር ኦማሉ ያገኙትን በ2005 በነርቭ ቀዶ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ትልቁ ሊግ በ1994 ያቋቋመው ስለ ራስ ጉዳት የሚያጠና ኮሚቴ ነበረው፤ የዚህም ኮሚቴ ሊቀ መንበር የአንጎል ሐኪም ሳይሆኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ነበሩ። የኮሚቴው ሰዎች ጽሑፉ ተሳስቷልና ይሰረዝ ብለው ለመጽሔቱ ጻፉ። መጽሔቱ አልሰረዘም። ከዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሊጉ የጡረታ ቦርድ ራሱ በ1999 ማይክ ዌብስተር በፉትቦል ምክንያት በደረሰበት የራስ ጉዳት መሥራት የማይችል ሆኗል ብሎ ወስኖለት ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ክፍል ጉዳት ደርሷል ብሎ ገንዘብ ሲከፍል፣ ሌላው ክፍል ጉዳት የለም ብሎ ይጽፍ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። በየካቲት 2011 ዴቭ ዱወርሰን የተባለው የቀድሞ ተጫዋች፣ አንጎሌ ለምርመራ ይሰጥ የሚል መልእክት ትቶ፣ አንጎሉ እንዳይበላሽ ደረቱን ተኩሶ ሞተ። በግንቦት 2012 ጁንየር ሴው የተባለው ታላቅ ተጫዋች እንደዚሁ ደረቱን ተኩሶ ሞተ። በሁለቱም አንጎል ውስጥ ሕመሙ ተገኘ። ከ4,500 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰሱ። በ2013 ሊጉ 765 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ዳኛዋ ገንዘቡ አይበቃ ይሆናል ስላሉ ወሰኑ ተነሣ፤ በ2015 ፍርድ ቤቱ አጸደቀው፤ እስካሁንም የተከፈለው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በዚህ አከፋፈል ውስጥ ግን አንድ ነውር ነበረበት። የጥቁር ተጫዋቾች የአእምሮ ችሎታ ከመጀመሪያውም ከነጮቹ ያነሰ ነው በሚል መለኪያ ስለሚመዘኑ፣ ጥቁሩ ካሣ ለማግኘት ከነጩ ይልቅ ብዙ መታመም ነበረበት። ይህ መለኪያ እንዲቀር ስምምነት የተደረሰው በ2021 ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ፤ ቁጥር በጥንቃቄ ካልተነበበ ሰውን ያሳስታልና። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አን ማኪ የሚመሩት ቡድን በ2017 የ202 የቀድሞ ተጫዋቾችን አንጎል መርምሮ በ177ቱ ሕመሙን አገኘ። በትልቁ ሊግ ከተጫወቱት 111 ውስጥ በ110ሩ፤ እስከ ኮሌጅ ከተጫወቱት 53 ውስጥ በ48ቱ፤ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ከተጫወቱት 14 ውስጥ በ3ቱ ተገኘ። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው መቶ ተጫዋች ቢኖር ዘጠና ዘጠኙ ታማሚ ነው» ይላል። ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። አንጎልን ለምርመራ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ዘመዳቸው ሲታወክ ያዩ ቤተ ሰቦች ናቸው፤ በጤና አርጅቶ የሞተውን ማን አምጥቶ ይሰጣል? ወደ ሐኪም ቤት በር የመጡትን ሰዎች ቈጥሮ የከተማው ሰው ሁሉ ታሟል እንደ ማለት ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩን ጭራሽ ማቃለልም አይቻልም። ያው ዩኒቨርሲቲ ከተራው ሕዝብ የተገኙ 164 አንጎሎች ተመርምረው ሕመሙ የታየው በ1 ብቻ መሆኑን፣ እርሱም በኮሌጅ ፉትቦል የተጫወተ ሰው መሆኑን አስታውቋል። ከዚህም ሌላ በ2019 የወጣው ጥናት ሰውየው በጨዋታው ላይ በቈየ በእያንዳንዱ ዓመት በሕመሙ የመያዙ ዕድል በ30 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳየ። የተቈጠረው ራሱን የሳተበት ጊዜ ሳይሆን የተጫወተበት ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ ታላቅ ምት ብቻ ሳይሆን፣ ምልክት የማያሳዩት ሺህ ትናንሽ ምቶችም ተደምረው ይጎዳሉ ማለት ነው። ለአክስቴ ለማስረዳት ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር።

ሕግ ቢኖርም ሕግ አስፈጻሚው ሰው መሆኑን ደግሞ የሚያሳይ ነገር በመስከረም 2022 ተፈጸመ። የማያሚ ቡድን መሪ ተጫዋች ቱዋ ታጎቫይሎዋ በወሩ 25ኛ ቀን ተገፍቶ ወድቆ ራሱ ከመሬት ጋር ተጋጨ፤ ሲነሣም ጉልበቱ ከድቶት ሲንገዳገድ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ሁሉ ተመለከተ። ጀርባውን ነው ተባለና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከአራት ቀን በኋላ በሲንሲናቲ ከተማ እንደ ገና ተወርውሮ ወደቀ፤ ጣቶቹ ተቆልምመው ደርቀው ታዩ፤ በቃሬዛም ወጣ። በጥቅምት ወር ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር የተንገዳገደ ሰው ምክንያቱ ምንም ቢሆን በዚያ ቀን አይመለስም የሚል ደንብ ጨመሩ። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰከረ የሚመስለውን ሰው ወደ ሜዳ አትመልሱ ለማለት እስከ 2022 መቆየት ምን ይባላል?

ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚሻለው መመታቱን መቀነስ እንደ ሆነ የሚያስረዱ ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሉ። የዳርትመዝ ኮሌጅ አሠልጣኝ ባዲ ቲቨንስ በ2010 በልምምድ ጊዜ ተጫዋች ተጫዋችን ይዞ እንዳይጥል ከለከሉ፤ በሰው ፈንታ አሻንጉሊት እንዲጥሉ አደረጉ። ሰው ሁሉ ቡድኑ ይደክማል ብሎ ነበር፤ በ2015 ግን የማኅበሩን ዋንጫ ከሁለት ቡድኖች ጋር ተካፈለ። በሚቀጥለው ዓመት ስምንቱም የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በወቅቱ ልምምድ ይህንኑ ደንብ ተቀበሉ። ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ይገርማል። ጨዋታው ሲጀመር ኳሱ በእግር ተመትቶ ሁለቱ ቡድኖች ከሩቅ እየሮጡ ይጋጠማሉ። የአይቪ ሊግ በ2016 ኳሱ የሚመታበትን መሥመር አምስት ያርድ ብቻ ወደ ፊት አስጠጋው፤ በዚህም ኳሱ ብዙውን ጊዜ ከሜዳው መጨረሻ ስለሚያልፍ ሩጫውና ግጭቱ ቀረ። በ1,000 የመክፈቻ ምቶች ውስጥ ወደ 11 ይጠጋ የነበረው የአንጎል መናወጥ ወደ 2 ወረደ። መድኃኒት አልተገዛም፣ የራስ ቁር አልተለወጠም፤ በኖራ የተሠመረ መሥመር ብቻ ተዛወረ።

ለአክስቴ የጻፍሁላት ደብዳቤ ከዚህ የተውጣጣ ነበር። ልጅዋ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ የተመታ፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ረዝሞ የቈየበት ስለሆነ፣ የአንጎል ሐኪም መርምሮት በጽሑፍ ሳይሰጣት በወረቀቱ ላይ እንዳትፈርም አሳሰብኋት። ትምህርት ቤቱንም በሳምንት ስንት ቀን ተጋጭተው እንደሚለማመዱ፣ ከሜዳ የሚያስወጣው አሠልጣኙ ይሁን ወይስ የጤና ባለሙያ እንድትጠይቅ ነገርኋት፤ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንድትቀበል ጨመርሁ። ጨዋታውን ከልቡ የሚወድ ከሆነ ደግሞ መያዝና መጣል የሌለበት፣ ከወገብ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ በመንጠቅ የሚጫወቱት ዐይነት ፉትቦል አለ፤ በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ውስጥ እንዲገባ የተወሰነውም እርሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «የሕፃናት ጨዋታ» ብሎ ስቆብኛል። አክስቴ ግን ወረቀቱን እስካሁን አልፈረመችውም፤ ለሐኪሙ ቀጠሮ ይዛለች።

ጽሑፌን ከማቆሜ በፊት የእኛንም ኳስ ልነካ እወዳለሁ። በ2019 በስኮትላንድ 7,676 የቀድሞ የእግር ኳስ ባለሙያዎች በዕድሜያቸው ከሚመሳሰሉ 23,028 ሰዎች ጋር ተወዳድረው ተጠኑ። ተጫዋቾቹ በልብ ሕመም የሚሞቱት ከሌላው ሰው ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ስፖርት ጤና ነው የሚባለው እውነት ነው። በአንጎል መበስበስ ሕመሞች የሚሞቱት ግን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነበሩ። ከሁሉ የሚብሰውም ኳስን አዘውትረው በራሳቸው በሚመልሱት በተከላካዮቹ ላይ ሆነ። ጄፍ አስል የተባለው የእንግሊዝ አጥቂ በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን በሥራው ያገኘው ሕመም ነው ብሎ ወሰነ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ቴስታ እንዳይመቱ ከለከለ፤ እንግሊዝና ስኮትላንድም በ2020 በአንደኛ ደረጃ ልጆች ልምምድ ላይ ይህንኑ አደረጉ።

የስፖርት መምህራችን የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብበው፣ ለዘጠነኛ ክፍል ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን ይሰጥ የነበረውን የቴስታ ልምምድ ወደ አንድ ቀን አውርደውታል። ኳሱም ከማዕዘን በእግር ተመትቶ ሳይሆን ከአምስት ሜትር በእጅ ተወርውሮ ነው የሚመጣው። ራሱን ያመመው ተማሪ በዚያው ቀን እንደማይመለስ የሚያስታውቅ ወረቀትም በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፤ የስልክ ቁጥርና የወላጅ ስም የሚጻፍበት ቦታ ከግርጌው አለ።